ሊቀ ጠብታ

በየሰፈሩ አንድ የማይቸኩል ሰው አለ። ቤት ሲቃጠል ቢያይ እንኳ መጀመሪያ ጣቱን በምራቁ አርሶ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚለካ ዓይነት ሰው። ዕድላችን ሲያሾፍብን ደግሞ፣ እሳት የረገጥን ያህል ስንጣደፍ የሚያስፈልገን ሁልጊዜ ይኸው ሰው ነው። ቸኳይማ በየደጁ ሞልቷል። ችግሩ፣ ቸኳዮቹ ዘንድ የሄደ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የማይቸኩለው ሰውዬ በር ላይ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አገጩን በመዳፉ ደግፎ መገኘቱ ነው።

የእኛው ሰውዬ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳን የተጠጋ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ከእንቅልፍ አሁን የነቁ ወይም አሁን ሊተኙ የተዘጋጁ የሚመስሉ ሰው። ስማቸውን ከሚስታቸው በቀር የሚጠራው አልነበረም። ሰፈሩ ማዕረግ ሰጥቷቸው «ሊቀ ጠብታ» ይባሉ ነበር። ሰንሰለት ያጠብቃሉ፣ ፍሬን ያስተካክላሉ፣ ጎማም ይለጥፋሉ፤ ክብራቸውና ሞገሳቸው ግን ካርቡሬተር ላይ ነው። ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር ተደባልቀው ወደ ሞተሩ የሚገቡባት፣ ጡጫ የምታህል ብረት ናት። ማንጠባጠብ የጀመረች ቀን ግን ባለቤቷን እንቅልፍ ትነሳለች። ቤንዚኑን መሬት ይጠጣዋል፣ ሽታው ከልብስ አይለቅም፣ አንዲት የሲጋራ ቁራጭ ከወደቀችበትማ ወሬው የጠብታ ወሬ መሆኑ ይቀራል።

ሥርዓታቸው እንዲህ ነበር። የታመመችው ሞተር ትገባለች። ክቡርነታቸው ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ይዞሯታል። ካርቡሬተሯን በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ያደርቁና፣ የተፈጨ ጠመኔ በትንሽ ብሩሽ ይቀቧታል፤ ዱቄት ላይ የተደፋች ትመስላለች። ከዚያ የቤንዚኑን መክፈቻ ይከፍታሉ፣ በርጩማቸውን ይስባሉ፣ ይቀመጣሉ። ያያሉ። በነጩ ጠመኔ ላይ መጀመሪያ የረጠበው ቦታ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ነው። ሌላው መካኒክ ይፈታል፤ እሳቸው ያያሉ።

«ቤንዚን ከላይ አፈትልኮ ከታች ነው የሚንጠባጠበው» ይሉ ነበር። «ሰው ሲያለቅስ እንባው አገጩ ላይ ቢንጠለጠል፣ አገጩን ነው የምታክመው?»

ባለሞተሩ ሰዓቱን ካየ ደግሞ፣ «ጠብታ አትዋሽም፤ የሚዋሸው የቸኮለ ዓይን ነው» ይሉታል። ሁለተኛ ጊዜ ካየ፣ ሌላ በርጩማ ይገፉለታል።

አንድ ፎቶ አንሺ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ «ጋሼ፣ ሙሽሮች እየጠበቁኝ ነው!» ብሎ ቢለምናቸው፣ ዓይናቸውን ከካርቡሬተሩ ሳይነቅሉ፣ «ያገባ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ ነው የሚኖረው። ዛሬ ይለማመዱ» አሉት። ሌላ ቀን ደግሞ በር ላይ የቆመችው ሞተር መንገድ ዘጋች ብሎ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ደብተሩን አውጥቶ መጣ። ሊቀ ጠብታ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ «እሽ… ልትመጣ ነው» አሉ። ፖሊሱ ማን እንደምትመጣ ሊጠይቅ ጎንበስ አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ እንደመሰከረው፣ ፖሊሱ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጡሩንባ የሚነፋውን ባለመኪና ሁሉ በእጁ ዝም እያሰኘ ነበር።

ሚስታቸው ከመጋረጃው ማዶ የልብስ ስፌት መኪና ነበራቸው። ገበያተኛው ሲሰለቸው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ያጽናኑታል።

«የናንተስ ምን አላት! እኔን ለማግባት ሦስት ዓመት ነው የፈጀበት። በሳምንት በሳምንቱ ይመጣል፣ ከአባቴ ጋር ተቀምጦ ግድግዳችንን ሲያይ ውሎ ይሄዳል። አባቴ በመጨረሻ መሯቸው ‹ስማ፣ ልጄን ነው ግድግዳዬን የምትፈልገው?› አሉት። ‹ልጅዎን ነው› አለ። ‹ግን ይኼ ግድግዳ የሚረጥበው ከራሱ አይደለም፤ ከጣሪያው ነው።›»

እዚህ ላይ መቀሱን ያስቀምጣሉ።

«ደግሞ እኮ እውነቱን ነው። ከጣሪያው ነበር።»

ወደዚህ በር ነው እንግዲህ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አዋላጇ ሞተሯን እየገፋች የመጣችው።

አዋላጇን ሰፈሩ «ቶሎ ቶሎ» ይላታል። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ለማለት ተፈልጎ፣ ፊቷ ላይ ጨርሶ ለመናገር የደፈረ ስለጠፋ እዚያው ላይ የተቆረጠ ስም ነው። ስትፈጠር ቸኳይ ሆና አይደለም፤ ሥራዋ ነው እንዲህ ያደረጋት። ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው፣ ከአንዷ ምጥ ወደ ሌላዋ ስትበር ዓመታት ሄዱ። ሻይ ቆማ ነው የምትጠጣው። ስታወራ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ለሰሚው ትተወዋለች። እንቅልፏም እንደ ሻይዋ፣ ሳይቀመጡ የሚጠጡት ዓይነት ነበር።

ሞተሯ የምታፈስሰው መርጣ ነው። መካኒክ ቤት ደረቅ ናት። መንገድ ላይ ደረቅ ናት። ሰው ቤት አቁማት ገብታ፣ ልጅ አዋልዳ ስትወጣ ግን ከሥሯ ኩሬ ሠርታ፣ የቤንዚን ታንኩ ባዶ ሆኖ ትጠብቃታለች። አንዱ መካኒክ ቱቦውን ቀየረ። ሌላው የካርቡሬተሩን የሥር ጽዋ የሚያሽገውን ጎማ ቀየረ። ሦስተኛው ቤንዚኑን የምትዘጋውን መርፌ ቀየረ። ሦስቱም «አለቀ፣ ሂጂ» አሏት፤ እሷም የምትወደው ቃል ስለሆነ ሄደች።

ባለፈው ሳምንት ግን በባዶ ታንክ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀረች። ሞተሯን እየገፋች ስትደርስ ልጁ ተወልዷል፤ የተቀበለችው የጎረቤት አትክልት ሻጭ ናት። ሕፃኑም እናቱም ደህና ነበሩ። አዋላጇ እጇን ታጥባ፣ እትብቱን አይታ፣ «ጎበዝ» ብላ አትክልት ሻጯን አመስግና ወጣች። ከአጥሩ ውጭ ስትደርስ ግን ሞተሯን ተደግፋ ብዙ ቆመች። ደህና ባይሆኑስ ኖሮ? ይህቺ «ባይሆኑስ» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላዋ ተፈናጥጣ አብራት ትሄድ ጀመር።

«ጋሼ፣ ቶሎ ብለው…» አለች ገና ከበሩ።

ሊቀ ጠብታ ቀና አሉ። ሞተሯን አዩ፣ እሷን አዩ። ከሁለቱ የባሰችው የትኛዋ እንደሆነች የሚመረምሩ ይመስሉ ነበር።

«እስቲ ቁጭ በዪ» አሉ።

ጋራዡ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የድሮ ምስማር ቀዳዳዎች ነበሩትና በየቀዳዳው የክር ያህል ቀጭን ብርሃን ይወርዳል፤ ፀሐይ ስትዞር ክሮቹም ቀስ ብለው ከመፍቻው ወደ ጨርቁ፣ ከጨርቁ ወደ ሞተሯ ይሻገራሉ። ከመጋረጃው ማዶ የስፌቱ መኪና አንዳንዴ ይሮጣል፣ አንዳንዴ ያዘግማል። አዋላጇ ለአምስት ደቂቃ ያህል እግሯን አነቃነቀች። ለአምስት ደቂቃ ያህል ደግሞ ነጩን ካርቡሬተር አፍጥጣ አየች። ከዚያ የብርሃን ክር እጇ ላይ መጣና፣ ስታየው፣ ስታየው…

በሕልሟ ሞተሯን ውሃ ላይ እየነዳች ነበር። ውሃው ሰፊ ነው፣ ዳርቻው አይታይም። ሞተሩ ድምፅ የለውም። ማንም አልጠራትም። እንዲያው ትሄዳለች፤ የምትደርስበትም ቦታ አልነበረም።

ስትነቃ ትከሻዋ ላይ ያላለቀ የሰው ኮት ተጥሎባታል፤ የስፌተኛዋ ሥራ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ተኝታለች። ጠመኔው እንደ ነጣ ነው።

«አልመጣችም» አሉ ሊቀ ጠብታ በሹክሹክታ። «ነገ ነይ።»

በማግሥቱም ጠብታዋ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ግን ሽማግሌው ከበርጩማቸው ተነሥተው ወገባቸውን ያዙና የምርመራቸውን ውጤት አሳወቁ።

«ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ የሚጠፋበት ሰው አለ አይደል? ይህቺም እንደዚያ ናት። ደልዳላ መሬት ላይ አትታመምም። ሰው ቤት ስትሄጂ የት ነው የምታቆሚያት?»

«ያገኘሁበት! ዳገቱ ላይ፣ አጥሩ ሥር… በእግሯ አስደግፌ እገባለኋ።»

«የቤንዚኑን መክፈቻስ ትዘጊዋለሽ?»

«ማን ጊዜ አለው ጋሼ!»

ሊቀ ጠብታ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» አሉ። «አንቺስ አፍስሰሽ እሱንም አልለቀምሽም። በይ፣ ከምትታመምበት ቦታ ሄጄ ማየት አለብኝ።»

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ከላይኛው ሰፈር፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ አንዲት ሙሽራ ምጥ ጀምሯታል።

ያን ቀን መንገድ ላይ የነበረ ሰው ያየውን አይረሳውም። ቶሎ ቶሎ ሞተሯን እንደ ጥይት ታስወነጭፋለች፤ ከኋላዋ ሊቀ ጠብታ የመፍቻ ቦርሳቸውን አንግተው፣ በርጩማቸውን በአንድ እጃቸው እንደ ጋሻ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ቀስ…»

«ስለ እንቁላሉ እንዳይነግሩኝ!»

«እንቁላሉማ በእግሩ ደረሰ። እኛ ነን የምንቀረው።»

ቤቱ ዳገት ላይ ነው። ግቢው ራሱ ያዘነበለ ነበር፤ ባልዲ ቢቀመጥ ይንሸራተታል። አዋላጇ እንደ ልማዷ ሞተሯን በእግሯ አስደግፋ፣ መክፈቻውን ሳትዘጋ፣ ቦርሳዋን መንጭቃ ገባች። ሊቀ ጠብታ ካርቡሬተሩን ጠረጉ፣ ጠመኔ ቀቡ፣ በርጩማቸውን ተዳፋቱ ላይ ሁለት ጊዜ አስተካክለው ተቀመጡ።

ውስጥ ያለው ክፍል ገበያ ሆኗል። ወላዷ ገና ልጅ እግር ናት፤ ላቧ ግንባሯ ላይ ፈስሶ አልጋው ላይ ተኮራምታለች። ባሏ ከሩቅ የሥራ ቦታ እየመጣ መንገድ ላይ ነው። አማቷ ከራስጌ፣ ሁለት አክስቶቿ ከግርጌ፣ የባሏ አጎት ከበሩ ላይ ሆነው ሁሉም ያዝዛሉ።

«ግፊ እንጂ!»

«አትግፊ፣ ተንፍሺ!»

«እኔ ስድስት ወልጃለሁ» አሉ አማትየዋ ለአዋላጇ፤ «ይህን ያህል የቆየብኝ የለም። አንድ ነገር አድርጊላት!»

አዋላጇ መረመረች። የሕፃኑ ልብ ደህና ይመታል። ማሕፀኑም እየተከፈተ ነው። የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ጊዜው ገና ነው። ልጅቱ ግን ሰው በጮኸ ቁጥር ትሸማቀቃለች፤ በተሸማቀቀች ቁጥርም ምጧ እየሳሳ፣ እየራቀ ይሄዳል። አዋላጇ፣ «እባካችሁ ውጡ» አለች። በአንደኛው በር ወጥተው በሌላኛው ገቡ። ደግማ አለች። አማትየዋ፣ «የልጄ ሚስት እኮ ናት!» ብለው አለቀሱ። እንዲህ እየተባለ ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ። አዋላጇ ራሷ ሰዓቷን ስታይ፣ የሌላ ነፍሰ ጡር ቀጠሮ ሲታሰባት፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ያው ቃል መጣ። «በርቺ፣ ቶሎ…» ልትል ነበር። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ያለው ፍርሃት አፏን አስያዛት።

አየር ለመውሰድ ወጣች።

«ጋሼ፣ ጠብ አለች?»

«ገና።»

«እኔም ገና» አለችና ከጎናቸው መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች።

«ምንድን ነው የያዛት?»

«ምንም። ሰው ነው። ክፍሉ በሰው ታፍኗል። ሁሉም ቸኩሏል።»

«አንቺስ?»

ሰዓቷን በእጅጌዋ ሸፈነች። ከአጥሩ ማዶ ዛፍ ነበረ፤ ጥላው እየረዘመ ሞተሯ ላይ ደርሷል። ሁለቱም ካርቡሬተሩን አዩ። በዚህ ጊዜ ነው፣ ከሥር ባለችው ቀጭን የማፍሰሻ ቧንቧ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ያበጠችው። አበጠች፣ ሰማዩ በውስጧ ተገለባብጦ ታየ፣ ወደቀች። ከዚያ ሌላ።

«መጣች» አሉ ሊቀ ጠብታ፤ ድምፃቸው ከራቀ ዘመድ ጋር የተገናኘ ሰው ድምፅ ነበር። «እዪ፣ ጠመኔው መጋጠሚያው ላይ ደረቅ ነው። ማሸጊያው ደህና ነው ማለት ነው። ከውስጥ ሞልቶባት ነው የምትተፋው። መርፌዋ አዲስ ናት። እንግዲህ የቀረው ተንሳፋፊው ነው።»

ከውስጥ አማትየዋ ሲጮኹ ተሰማ። አዋላጇ ተነሥታ ሮጠች።

ሽማግሌው መክፈቻውን ዘጉ። በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በጣሳ አጠራቀሙና አርቀው አስቀመጡ። የሥሩን ጽዋ ፈትተው ተንሳፋፊውን አወጡ፤ ከቀጭን ነሐስ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ መሆን ያለበት፣ አውራ ጣት የማይሞላ ነገር ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ይህ ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ መርፌዋን ይገፋል፣ መርፌዋም መግቢያውን ትዘጋለች። ጆሯቸው ላይ አድርገው ነቀነቁት። ውስጡ ጥቂት ቤንዚን ተንሿሿ። ሰጠመ ማለት ነው፤ የሰጠመ ነገር ደግሞ በር አይዘጋም። ቀዳዳው ግን በዓይን የማይታይ ነበር።

ሊቀ ጠብታ ትንሽ አሰቡ። ወደ መስኮቱ አዩ። ጩኸቱን አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ጠርገው የቤቱን በር አንኳኩ።

«ይቅርታ፣ አንድ ሳህን ፍል ውሃ ፈልጌ ነበር።»

አማትየዋ ዞሩ። «ለምን?»

«ለሞተሯ።»

«ለሞተር?! ሰው እየወለደ ለሞተር ውሃ? ሰውዬው አእምሮ አለህ?»

«እመቤቴ፣ ልክ ነዎት» አሉ ሊቀ ጠብታ፣ በጣም ዝግ ባለ፣ አክብሮት በተሞላ ድምፅ። «ግን ከማለዳ ጀምሮ የምፈልጋት ቀዳዳ አለች። ከፀጉር ትቀጥናለች። ውሃው ውስጥ ስትገባ አረፋ ትተፋለች። የኔ ዓይን ደከመ። ከዚህ ቤት ዓይኑ ስል የሆነ ሰው አንድ ብታበድሩኝ ብዬ ነው።»

ዓይንህ ስል ነው ተብሎ እምቢ ያለ ሰው በታሪክ አልተገኘም። አማትየዋ ወደ ምራታቸው አዩ፣ ወደ በሩ አዩ።

«እኔ እስከ ዛሬ በመርፌ ቀዳዳ ክር የማስገባው ያለ መነጽር ነው» አሉ።

«እኔም!» አለች ታላቋ አክስት።

«አንቺማ ባለፈው ወር…» ብላ ታናሿ ተከተለች። አጎትየው ሲጋራ ሊለኩስ ክብሪት ሲያወጣ ሊቀ ጠብታ እንደ ልጅ እጁን ይዘው ነጠቁት፤ በሕይወታቸው ፈጥነው የታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው ይባላል። ከዚያ ሁሉንም አስከትለው ወጡ። የፍል ውሃውን ሳህን ከማድ ቤቱ ምድጃ አርቀው አጥሩ ጥግ አስቀመጡ፤ ተንሳፋፊውን አጠለቁበትና አራት ሰው ዙሪያውን ቁጢጥ አለ።

«ኮሽታ ካለ አትታይም» አሉ ክቡርነታቸው። «ትንፋሽም ይቀነስ።»

ይህ ውሸት ነው። አረፋ ጆሮ የለውም።

አዋላጇ ክፍሉ ውስጥ ድንገት የራሷን የሰዓት ድምፅ ሰማች። ዞር አለች፤ ማንም የለም። በመስኮቱ አጮልቃ አየች። አራት ጀርባ፣ አንድ ሳህን፣ የሊቀ ጠብታ ረጅም ጣት ከንፈራቸው ላይ። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በመዳፏ ያዘች። ሁለቱንም በሮች ቀስ ብላ ዘጋች። መጋረጃውን ሳበች። ሰዓቷን ከእጇ ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያም በዚህ ሥራ ላይ ስትኖር ያላደረገችውን አደረገች፤ አልጋው ጠርዝ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሄዱ» አለቻት ልጅቱን። «እኔና አንቺ ብቻ ነን። ሲመጣ ይመጣል። ማንም አይቆጣሽም።»

ልጅቱ እጇን ዘረጋች። አዋላጇ ያዘችው። መጋረጃው ቢጫ ነበርና ክፍሉ የማር ቀለም ይዟል። ምጥ ይመጣል፤ ልጅቱ ታቃስታለች፣ እጇን ትጨብጣለች፤ ይሄዳል። በመካከሉ ልጅቱ ዓይኗን ትከድናለች፤ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ የእውነት እንቅልፍ ትተኛለች። አዋላጇ የፊቷን ለውጥ ታያለች፤ ግንባሯ ሲላላ፣ ከንፈሯ ሲከፈት። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አይታው ይሆን? ልጆቹን ሁሉ ተቀብላለች፤ እናቶቹን ግን አንድ በአንድ ማስታወስ አቃታት። ሲሳሳ የነበረው ምጥ እየተቀራረበ፣ እየበረታ መጣ። ልጅቱ «አሁን» አለች፣ ማንም ሳያዛት። አዋላጇ ተንበረከከች።

ውጭ ደግሞ ሳህኑ ውስጥ፣ ከነሐሱ የላይኛው ጠርዝ አጠገብ፣ እንደ ሐር ክር የቀጠነ የአረፋ መስመር ብቅ አለ።

«ይኸው!» ብለው ጮኹ አማትየዋ፣ ሁሉን ረስተው። «ይኸው በዚህ በኩል! አላልኳችሁም? እኔ ነኝ ያየሁት!»

በዚያው ቅጽበት ከቤት ውስጥ ቀጭን ልቅሶ ተሰማ።

አጎትየው ደንግጦ ሳህኑን አየ። «እሷ ናት እንዴ?»

ሴት ልጅ ነበረች። አማትየዋ አቅፈዋት ወጥተው በየተራ ሲያሳዩ፣ ሊቀ ጠብታም ጋ ደረሱ። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሕፃኗን ረጅም ጊዜ አዩ፤ እጃቸው ቤንዚን ስለነካ ግን አልነኳትም። «ጊዜዋን ጠብቃ ነው የመጣችው» አሉ። «የሠለጠነች ልጅ ናት።»

ሙቀቱ ከተንሳፋፊው ውስጥ ቤንዚኑን አሟጦ ስላወጣው፣ ለዛሬ ያደርሳቸዋል ብለው መልሰው ገጠሙት። ቀዳዳዋ ከላይ በኩል ናት፤ ሞተሯ ዳገት ላይ ስታዘነብል ብቻ ቤንዚኑ እዚያ ይደርሳል። ሦስቱ መካኒኮች ደልዳላ ወለል ላይ አቁመው ነው የፈለጓት። ነገ የስንዴ ፍሬ በማታህል ብየዳ ይደፍኗታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተንሳፋፊው ከብዶ ሌላ ጣጣ ነው።

ሲመለሱ አዋላጇ ቀስ ብላ ነዳች። ከኋላዋ የተፈናጠጡት ሊቀ ጠብታ ብቻ መሆናቸውን፣ ያቺ «ባይሆኑስ» አብራት እንደሌለች መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ነው ልብ ያለችው።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሟል እንዴ?»

«የኔ?» አሉ ተቆጥተው። «እኔ ጠብታ ከመንገድ ማዶ ነው የማየው!»

«ታዲያ…»

«መንገዱን እዪ።»

በማግሥቱ ተንሳፋፊው ተበየደ። ሞተሯም ደረቀች። ዳገት ላይ ደረቅ፣ ተዳፋት ላይ ደረቅ፣ ፀሐይ ላይ ደረቅ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። አዋላጇ ሰዎችን ከክፍል የማስወጣት አዲስ ዘዴ አበጅታለች፤ አንዱን ጎረቤት ቤት መቀስ ፍለጋ፣ አንዱን ሞተሯን ጥበቃ ትልካለች። ሻይዋን ግን እንደ ድሮው ቆማ ነው የምትጠጣው። ያ የውሃ ላይ ሕልም ተመልሶ አልመጣም፤ ቤቷ ሆና፣ በደህና አልጋ ላይ፣ ብትሞክርም አልመጣ አላት።

እንግዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ማንም አላየም፤ አየሁ ያለም ካለ እሷ ትክዳለች። ከጋራዡ ትንሽ ወረድ ብሎ መታጠፊያው ላይ ሞተሯን አጠፋች። ግራ ቀኝ አየች። ከኪሷ ካቻቢቴ አውጥታ ጎንበስ አለችና፣ በካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ሩብ ዙር አላላቻት። ጠብ። ጠብ። ከዚያ እየገፋች መጣች።

«ጋሼ፣ ደግሞ ጀመራት መሰለኝ…»

ሊቀ ጠብታ በሩ ላይ ነበሩ። ዱሮ ገና ለመዞር አሥር ደቂቃ የሚፈጅባቸው ሰውዬ፣ ያን ቀን በርጩማቸው ላይ እንኳ ሳይቀመጡ፣ ጠመኔም ሳይቀቡ፣ በአንድ እይታ ሁሉንም አወቁ። የብሎኗ አናት ላይ አዲስ የካቻቢቴ ጭረት ያበራል። ከዚያ የአዋላጇን እጅ አዩ፤ የጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ቤንዚን ነክቷል። እሷም ሲያዩት አይታ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከመጋረጃው ማዶ የስፌቱ መኪና ጸጥ አለ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ ወገባቸውን ያማቸው ይመስል ቀስ እያሉ፣ ከብሎኗ ሥር ጣሳ አስቀመጡ። ብሎኗን አልነኳትም። ጨርቃቸውን አራገፉ፣ ሁለት በርጩማ ሳቡ፣ አንደኛውን በመዳፋቸው ጠረጉላት።

«ከባድ ነው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም። እስኪመሽ ሳይፈጅብን አይቀርም።»

ስፌተኛዋ ያላለቀ ኮት ይዘው ወጡ።